ሙሽሪት ዳገቱ ላይ

አባቴ ዛሬም ድረስ ያንን ቀን ሲያወራ «መኪናዋ ጉድ ሠራችን» ይላል። መኪናዋ ምንም አልሠራችንም። እሱ ግን ከሱቁ ደጃፍ ወንበሩን አውጥቶ፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያንኑ ይደግማል፤ የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ። ሰሚዎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ «አይ ብረት፣ መቼ ይታመናል» ይሉታል። እኔ አጠገቡ ካለሁ ወሬውን ያሳጥራል እንጂ አይተወውም።

በሰባት ዓመቴ ግን እኔም አማኝ ነበርኩ። በዚያ ዕድሜ አባቴን የሚያክል አዋቂ ሰው ምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ለነገሩ እሱም አይመስለውም ነበር።

አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ነው። መኪናዋን የገዛት የአንድ የጥርስ ሐኪም ሚስት ባሏ ሲሞትባት ስትሸጥ ነው። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ በዕድሜ እኔን እጥፍ ድርብ የምትበልጥ ስፖርት መኪና ነበረች። ፊት ለፊት ሁለት ሰው ታስቀምጣለች። ከኋላ ያለችው ጠባብ መቀመጫ ለቦርሳ የተሠራች ናት መሰለኝ፣ እኔ ጉልበቴን አገጬ ሥር ሸጉጬ የምቀመጠው እሷ ላይ ነበር። አባቴ ሲገባባት መጀመሪያ መቀመጫውን ያስገባል፣ ቀጥሎ ቦርጩን ይሰበስባል፣ እግሮቹን በመጨረሻ አንድ በአንድ ይጎትታል። ይህን ሲያደርግ የሰፈር ሰው ቆሞ ያየዋል፤ እሱ የሚያዩት አድንቀው ይመስለዋል።

ሰፈሩ ሙሽሪት ነበር የሚላት። አባቴ ስሙ ለውበቷ የወጣላት መስሎት ይኮራ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ያለ አጃቢ ወጥታ አትገባም ለማለት ነው። ትወጣለች፣ ትቆማለች፣ ከዚያ ሚዜዎቿ ተጠራርተው እየገፉ ያስገቧታል። «ሚዜ ጎድሏል፣ አንተ ና እንጂ» ሲባባሉ እኔ ከውስጥ ተቀምጬ እንደ እመቤት እጄን አውለበልብላቸው ነበር። እንዲህ ያለች ቂል ልጅ ነበርኩ።

የሙሽሪት በሽታ የጀመረው ከአባቴ አፍንጫ ነው። አሮጌ መኪና ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ ሌላ ምን ሊል ነው? አንዲት ደንበኛው ግን በመኪናዋ ያደረሰላትን ሐር አሽትታ «ይሄ ጨርቅ ነዳጅ ማደያ ነው እንዴ ያደረው?» ብላ መለሰችለት። አባቴ ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሰም። ወዲያው ካረጀ የብስክሌት ጎማ ውስጥ ላስቲክ አወጣና፣ ጨርቅ በሚቆርጥበት በዚያው ትልቅ መቀስ ክብ አድርጎ ቆረጠው። የነዳጁን ታንከር ክዳን ከፍቶ ላስቲኩን ከውስጥ በኩል አለበሰው። ክዳኑ ላይ መርፌ የማታስገባ ቀዳዳ ነበረች፤ ላስቲኩ እሷን ጥርቅም አድርጎ ደፈናት። «ሽታው የሚወጣው በዚች ነበር» አለኝ። ፋብሪካው ያቺን ቀዳዳ ለምን እንደበሳት ለመጠየቅ አልፈለገም፤ ረስተው የተዉዋት መስሎት ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ ሙሽሪት ከቤት ስትነሳ ደህና ናት። ገበያውን ታልፋለች፣ ድልድዩን ትሻገራለች፣ ከዚያ መንተፋተፍ ትጀምራለች፤ ዳገት ስታገኝ ጭራሽ ትጠፋለች። ትንሽ አርፋ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

መካኒኩ ጨርሷል ይባል ነበር። ወላጆቹ ያወጡለት ስም አይደለም፤ ኮፈን በከፈተ ቁጥር ቀድማ ከአፉ የምትወጣው ቃል እሷ ስለሆነች ነው። ፊልትሮውን አውጥቶ ወደ ፀሐይ አሳየና «ጨርሷል» አለ፤ ተቀየረ። የነዳጁን ፓምፕ በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ «ይሄም ጨርሷል» አለ፤ ተቀየረ። ካርቡራተሩን በትንንሹ ፈታትቶ በቤንዚን አጠበው፣ በየቀዳዳው እፍ አለበት፣ መልሶ ገጠመው። አባቴ ደግሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጨርሷል አናት በላይ ይቆምና «ቱቦውን እይልኝ እስኪ፣ እኔ ቱቦው ነው የምጠረጥረው» ይለዋል። ቱቦውም ተቀየረ።

አስቂኙ ነገር እያንዳንዱ ጥገና መሥራቱ ነበር። ቁልፍ ሲዞር ሙሽሪት እልል ትላለች፤ ሁለቱ ሰዎች ይጨባበጣሉ። በማግስቱ ዳገቱ ላይ ናት። ነገሩ እኮ ቀላል ነበር። ታንከሩ ነዳጅ በወጣለት መጠን አየር ካልገባለት ታፍኖ ይቀራል፤ ፓምፑ ቢስብ ቢስብ ምንም አይመጣለትም። መኪናዋ ስትቆም ግን አየሩ እንደምንም ሾልኮ ይገባና ነገሩ ይላላል። ጨርሷል አንዱን ዕቃ ፈትቶ እስኪገጥም በሽታው በራሱ ጊዜ ለቆ ይሄዳል፣ ምስጋናውን እሱ ይወስዳል። ሁለት ጢማም ወንዶች አንድ ክረምት ሙሉ ደህናውን ዕቃ ሲቀያይሩ ኖሩ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

እናቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ያኔ አባቴ «ነርስ ነበረች» ነበር የሚለው። እኔ ስወለድ «የእኔ ሚስት ሌሊት እየወጣች አታድርም» ብሎ ሥራዋን አስተዋት፤ እሷም ልጅቷ ከፍ እስክትል ብቻ ነው ሲላት ተወችው። እኔ ከፍ አልኩ፤ እሱ ግን ቃሉን ረሳው። በዚያ ሰሞን የቀድሞ ጓደኛዋ መጥታ በሚቀጥለው ከተማ ያለው ሆስፒታል አዋላጆች እንደሚፈልግ ነገረቻት። እናቴ ማንንም ሳታማክር ሄዳ ተፈትና አለፈች፤ ቃለ መጠይቅ ብቻ ቀራት።

ይህን የሰማሁት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ የምለቅመው እዚያ ነበር፤ የማየው የሁለቱን እግር ብቻ ነው። የአባቴ ጫማ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ የእናቴ ነጠላ ጫማ አንድ ቦታ ቆሟል።

አባቴ ሰው ምን ይለኛል አለ። ሚስቱን ማብላት አቃተው አይሉም ወይ አለ።

«ሰው የሚለውን ይበል» አለች እናቴ። «አንተ ምን ትላለህ?»

መቀሱ ረጅም ጨርቅ ሲቆርጥ ይሰማኛል። ከዚያ አባቴ እሺ አለ። እሺ ብቻም አይደለም፤ እኔው ራሴ በመኪናዬ አደርስሻለሁ አላት። እናቴ በጠዋቱ አውቶቡስ ብሄድ ይሻለኛል ብትለው ተቆጣ። መኪና ያለው ሰው ሚስት አውቶቡስ ስትጋፋ ልትታይ ነው ወይ ብሎ ክብሩን ወደ መሐል አመጣው። እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ልቤ በኩራት ተነፋ። ማታ አልጋዬ ዘንድ መጥቶ «እናትሽ የሰው ልጅ ልታዋልድ አንቺን ትታሽ ልትሄድ ነው፣ ግን አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» ሲለኝ ደግሞ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እናቴ በመኪና ደርሳ መመለስ እንደምትችል፣ እንደማንኛውም ሠራተኛ ቤቷ እንደምትገባ የነገረኝ የለም።

ከቃለ መጠይቁ በፊት ባለው እሑድ አባቴ በሽታውን አገኘው። እንዴት እንዳገኘው እመሰክራለሁ፤ አብሬው ነበርኩና። ዳገቱ ላይ እንደተለመደው ቆመች። የነዳጅ መለኪያዋ ውሸታም ስለሆነች አባቴ ነዳጅ መኖሩን የሚያየው እንጨት ታንከሩ ውስጥ ነክሮ ነበር። ወርዶ ክዳኑን ሲያዞር ፍሽሽሽ የሚል ረጅም ድምፅ ተሰማ።

«ተነፈሰች» አልኩት።

አባቴ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ቀጥሎ ሳቁን ተወ። ክዳኑን መልሶ ገጠመና ቁልፉን አዞረ፤ ወዲያው ተነሳች። ነዳናት፤ ደግሞ ቆመች። ደግሞ ከፈተው፤ ፍሽሽ አለ፤ ተነሳች። በመጨረሻ ላስቲኩን ገንጥሎ ኪሱ ውስጥ ከተተና ክዳኑን ባዶውን ዘጋው። ዳገቱን ወጣነው፣ ወረድነው፣ ደግመን ወጣነው፤ ሙሽሪት አንዴም ሳል እንኳ አላለችም። አባቴ መሪውን በመዳፉ እየመታ ዘፈነ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ቤት ስንደርስ ምስጢሩን ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀኝ። ከወጣ ሁሉም አዋቂ ይሆናል አለኝ። እሱ ግን «አገኘኋት፣ በገዛ እጄ ፈወስኳት» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሰፈሩን በሙሽሪት ዞረ፤ ምኗን እንደፈወሰ ግን ለጨርሷል እንኳ አልነገረውም። እናቴም ከመስኮት ሆና ስትወጣና ስትገባ አየቻት። አንድም ቀን ተገፍታ አልገባችም። እናቴ አውቶቡሱን የተወችው ይህን አይታ ነው።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት እናቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች። ተረከዝ ያለው ጫማዋን አውጥታ በጨርቅ ወለወለችው። እኔን ለጎረቤት ልትተወኝ ነበር፤ አባቴ «ትምጣ፣ ስመለስ ብቻዬን እንዳልሆን» አለ። ግቢ ስወጣ አባቴ ከመኪናዋ በስተኋላ ጎንበስ ብሎ ያንን ላስቲክ ክዳኑ ውስጥ በአውራ ጣቱ እየጠቀጠቀ አገኘሁት።

ላስቲኩ ምን ያደርጋል አልኩት። ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

«እናትሽ ጥሩ ልብሷን ለብሳለች አይደል? ቤንዚን ቤንዚን ብላ ትልልቅ ሰዎች ፊት እንዳትቀርብ ብዬ ነው።»

ለእናቴ እንዲህ ማሰቡ ሆዴን አባባው። መንገድ ላይ ብትቆምም ግድ የለም፣ ይከፍትላታል፣ ትተነፍሳለች፣ እንሄዳለን ብዬ አሰብኩ። ሙሉውን መንገድ የእናቴን ማጅራት እያየሁ ምን ያህል ዕድለኛ እንደሆነች አለማወቋ አናደደኝ።

ከተማውን ወጥተን፣ የመጀመሪያውን መንደር አልፈን፣ ዳገቱ ላይ ሙሽሪት ተንተፋተፈችና ቆመች። ዙሪያው የታረሰ ማሳ ነው፤ ሰው የለም፣ ጥላ የለም። አባቴ ወረደ። ወደ ኋላ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ወደ ፊት ሄዶ ኮፈኑን ከፈተ።

ፊልትሮውን አወጣ፤ ወደ ፀሐይ አሳየው። የፓምፑን ቱቦ ነቀለ፤ አሸተተው። ከዚያ ነጭ መሐረቡን መሬት ላይ አነጠፈና ካርቡራተሩን ይፈታ ጀመር፤ ብሎኖቹን በመጠን በመጠናቸው ደረደራቸው። እንደዚያ ቀን ተረጋግቶ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ብሎን በፈታ ቁጥር «ይሄ ነው እንግዲህ፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ» ይላል ለራሱ። እናቴ መጀመሪያ ተቀምጣ ጠበቀች። ከዚያ ወርዳ ቆመች። ሰዓቷን ማየት ተወችና እሱን ታይ ጀመር።

እኔ ደግሞ ረስቶታል ብዬ አዘንኩለት። ከጭንቀቱ ብዛት ረስቶታል። በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ «አባዬ፣ ክዳኗን ክፈትላት» አልኩት።

አልሰማኝም። ደገምኩለት።

«አንቺ ዝም በይ» አለኝ። ያን ቀን ብቻ ነው እንደዚያ ባለ ድምፅ የተናገረኝ።

እናቴ ዞር ብላ «የምን ክዳን ነው?» አለችው።

«ልጅ ናት፣ ተያት» አለ ብሎን እየፈታ።

እናቴ ሌላ አልጠየቀችም። እኔ ያኔ የገባት አልመሰለኝም። አሁን ሳስበው ከእኔና ከእሱ ይልቅ ያን ሰዓት ሁሉ ነገር የገባት እሷ ነበረች። አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ ይባል የለ? እናቴ ማመኻኛውን ጨርሶ እስኪደረድር ለመጠበቅ ጊዜ አልነበራትም።

ከታች ሽንኩርት የጫነ የጭነት መኪና እያቃሰተ መጣ። እናቴ መሐል መንገድ ላይ ወጥታ እጇን ዘረጋች። ሹፌሩ ቆመ፤ ደግ ሰው ነበር፣ ወርዶ ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን አስገባ። ነዳጅ አላት ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አባቴ ሞልቷል አለው። ገመድ አለኝ፣ እስከ ከተማው ልጎትታችሁ አለ።

«ይቺ መኪና አትጎተትም» አለ አባቴ ደረቱን ነፍቶ።

አንድ ክረምት ሙሉ በሰፈር ጎረምሳ ስትገፋ የኖረች መኪና ናት። እኔ ግን ከውስጥ ሆኜ በዚያ ንግግሩ ኮራሁ። ሹፌሩ ትከሻውን ነቀነቀና ወደ መኪናው ተመለሰ። እናቴ ተረከዝ ያለው ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፤ በባዶ እግሯ የመኪናውን መወጣጫ ረገጠች። ከመግባቷ በፊት ወደ አባቴ ዞረች።

«ልጅቷን ፀሐይ አትምታት» አለችው። «መኪናህ እንደሆነች ትነሳልሃለች።»

ልታጽናናው ነው ያልኩት እኔ። እንዲያውም በችግሩ ሰዓት ጥላው ከመሄዷ በፊት ይህን ማለቷ ትንሽ አብርዶልኝ ነበር። የጭነት መኪናው የሽንኩርት ልጣጭ እየበተነ ዳገቱን ወጣ።

አባቴ መንገዱ ጭር እስኪል ቆሞ አየ። ከዚያ ካርቡራተሩን ገጠመ፤ ለመፍታት የፈጀበትን ያህል ለመግጠም አልፈጀበትም። ወደ ኋላ ሄደ። ፍሽሽ የሚለው ድምፅ ተሰማኝ። ተመልሶ ገባ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ሙሽሪት በአንዴ ተነሳች። እኔ በደስታ አጨበጨብኩ፤ አሁን እንደርስባታለን፣ ከሽንኩርቱ ላይ አውርደን እንወስዳታለን አልኩ። አባቴ መሪውን ጠምዝዞ አፍንጫዋን ወደ ቤት መለሰ።

«እማዬ በዚያ ነው የሄደችው» አልኩት።

«ተሳፍራለች እኮ» አለኝ።

ቁልቁለቱን እያፏጨ ወረደ። ገበያው ጋ ሲደርስ ብስኩት ገዛልኝ።

እናቴ የመጣችው አመሻሹ ላይ በአውቶቡስ ነው፤ ቀሚሷ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ዘግይታ ደርሳ፣ ሦስቱ ጠያቂዎች ለምሳ ሲነሱ በር ላይ ይዛቸው፣ አስቀምጣ አስጠየቀቻቸው። ተቀበሏት። አባቴ እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት አፉን ሲከፍት ትታው ገብታ ተኛች። ወር ሳይሞላ ሆስፒታሉ አጠገብ ቤት ተከራይታ እኔን ይዛኝ ወጣች። አባቴ ሙሽሪት ላይ ተደግፎ ሲሸኘን እንባው ይወርድ ነበር። እኔ የሱን እንባ ይዤ ነው ያደግኩት። እናቴ ሌሊት የሰው ልጅ አዋልዳ በጠዋት ፀጉሬን ስትሠራልኝ፣ እኔ በመስታወት እያየኋት «ለአንድ ብልሽት ብላ አባቴን ጥላ የመጣች» እላለሁ በሆዴ።

ታሪኩን ሳድግም እንደ ፍቅር ታሪክ ነበር የማወራው። የመጨረሻ ጊዜ ያወራሁት ለባሌ ነው፤ ያኔ ገና እጮኛዬ ነበር። ቤንዚን እንዳይሸታት ብሎ ላስቲኩን መልሶ አደረገላት፣ እንዲህ ያለ ወንድ ዛሬ የት ይገኛል አልኩት። እሱ የሚበላውን አኝኮ ዋጠና፣ ታዲያ ዳገቱ ላይ ለምን አላወጣውም አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው፤ እኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ሆድም አላወቀ፣ ዶሮም አልነበረኝም። ሹካዬን አስቀመጥኩና እሱን ተሰናብቼ ወደ እናቴ ሄድኩ።

ከተረኝነት ገና መግባቷ ነበር። እግሮቿን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።

«አባዬ ያን ቀን አውቆ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና፣ ሞተሩ ሲጠፋ ፊቱን አይቼው ነበር፣ የደነገጠ ሰው ፊት አልነበረም አለችኝ። ይህን ስትለኝ አልተናደደችም፤ ስለ አንድ የድሮ በሽተኛ የምታወራ ነው የሚመስለው። ንዴቱን ሁሉ ለእኔ ተወችልኝ። እኔ ነኝ የተቃጠልኩት። ሥራዋን ሊያስቀርባት ፈልጎ «አትሄጂም» ለማለት ወኔ ያጣ፣ በሰባት ዓመት ልጁ ፊት ብሎን እየደረደረ የሚዋሽ፣ ከዚያም ብስኩት የሚገዛ ሰው። እሱን ስወድ፣ እሷን በሆዴ ስከስስ ኖርኩ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

እናቴ አንዱን እግሯን ከውሃው አውጥታ ፎጣው ላይ አሳረፈች።

«አንቺ አባትሽን ትወጂው ነበር» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ተረኛ ነበርኩ።»